በቤት ውስጥ የካራኦኬ መሣሪያ ስለ መትከልና ስለ መቃኘት

በምክር ቤታችን ሳምንታዊ ገጾች ላይ ዘወትር የሚነገረው ስለ ቡና ዋጋ፥ ስለ ቅባት እህል፥ ስለ ጉምሩክ ሥርዓትና ስለ ውጭ ምንዛሪ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ክቡራን አንባብያን ቢፈቅዱልኝ፥ ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ነገር ስለሚመስል፥ ዳሩ ግን በየመደብሮቻችን መደርደሪያ ላይ ብዙ ገንዘብ ይዞ ስለሚቀመጥ አንድ ዕቃ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። ይኸውም በቤት ውስጥ ዘፈን የሚዘፈንበት፥ ካራኦኬ የሚባለው የድምፅ መሣሪያ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በምሠራበት መደብር የደረሰ ነገር ነው። በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ከሩቅ ምሥራቅ አርባ የካራኦኬ መሣሪያዎች አስመጥተው ነበር። እያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ስፒከር፥ ከሚክሰር ጋር የተያያዘ አንድ አምፕሊፋየር፥ ሁለት ማይክሮፎንና የሽቦ ጥቅል የያዘ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሃያ ሁለቱ ተሸጡ። እኛም ደስ ብሎን ሳለ ከተሸጡት ውስጥ ዘጠኙ ተራ በተራ ወደ መደብሩ ተመለሱ። አንዱ ደንበኛ «ይጮኻል» አለ፤ ሌላው «ድምፄ ወደ ኋላ ይቀራል» አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ «ከነጭራሹ አይናገርም» አለ። ከሁሉ የከፋው ግን የልጃቸውን መልስ በቤታቸው ደግሰው በእንግዶቻቸው ፊት ያፈሩት የረጅም ዘመን ደንበኛችን ነገር ነው። እኒህ ሰው ገንዘባቸውን እንኳ መልሱልኝ አላሉም፤ ዕቃውን ከደጃፉ ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ሄዱ።

አሠሪዬ እጅግ ተቈጥተው የቀሩትን አሥራ ስምንት ሣጥኖች በኪሣራ ለመሸጥ ቈረጡ። ለፋብሪካውም የሚላክ ኀይለኛ የአቤቱታ ደብዳቤ አስጻፉኝ። ደብዳቤው ተጽፎ ለፊርማ በቀረበበት ቀን፥ በሠርግ ቤትና በአዳራሽ የድምፅ መሣሪያ በመትከል ብዙ ዘመን የቈዩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ ወደ መደብሩ ብቅ አሉ። አሠሪዬ ብሶታቸውን ቢነግሯቸው «እስቲ ጌታዬ፥ ከመፈረምዎ በፊት ልያቸው» ብለው ኮታቸውን አወለቁ። የተመለሱትን ዘጠኝ ዕቃዎች እስከ ማታ ድረስ አንድ በአንድ ተክለው ሞከሯቸው። ከዘጠኙ ሰባቱ አንዳች ጉድለት የሌለባቸው ሆነው ተገኙ። አንዱ ያለ ልክ ተጩኾበት የስፒከሩ ቀጭን ድምፅ ማውጫ የተቃጠለ ነው። በእውነት የፋብሪካ ስሕተት የተገኘበት አንድ ብቻ ሲሆን፥ እርሱም የአንድ ጃክ ብየዳ የለቀቀ ነበር። ደብዳቤው ተልኮ ቢሆን ኖሮ የምናፍረው እኛ ነበርን። ከዚህ በታች የምጽፈውም በዚያ ቀንና ከዚያ ወዲህ ከእኒህ ባለሙያ የተማርሁትን፥ በኋላም አንብቤ ያረጋገጥሁትን ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ካራኦኬ የጃፓን ቃል ነው። «ካራ» ባዶ ማለት ሲሆን «ኦኬ» ኦርኬስትራ የሚለው ቃል አጭር አጠራር ነው፤ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ እንደ ማለት ነው። ሺጌኢቺ ኔጊሺ የተባሉ የቶኪዮ ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 እንዲህ ያለ ሣጥን እንደ ሠሩ ይነገርላቸዋል። ዳይሱኬ ኢኖዌ የተባሉ ሙዚቀኛ ደግሞ በ1971 በኮቤ ከተማ ለመጠጥ ቤቶች የሚከራዩ አሥራ አንድ መሣሪያዎች አሠሩ። ኢኖዌ ግን የፈጠራ መብታቸውን አላስመዘገቡም። ዓለም ሁሉ በሚያውቀው ዕቃ ሌሎች ሲከብሩበት አዩ። የፊሊፒንሱ ተወላጅ ሮቤርቶ ዴል ሮዛሪዮ በበኩላቸው ራሳቸው ለሠሩት መሣሪያ የፈጠራ መብት አስመዝግበው፥ ስለ መብታቸው በአገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ መከራከር ደርሰዋል። ነጋዴ የሆነ ሰው ከሁለቱ የማንኛውን መንገድ እንደሚመርጥ መናገር አያሻም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። መሣሪያው ምንም ያህል የተወሳሰበ ቢመስል፥ ሥራው ሁለት ወንዞች ተገናኝተው በአንድ አፍ እንደሚፈሱ ያለ ነው። አንደኛው ወንዝ ሙዚቃው ነው፤ ከስልክ፥ ከቴሌቪዥን ወይም ከማጫወቻ ይመጣል። ሁለተኛው የዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ከማይክሮፎን ይመጣል። የሚገናኙበት ዕቃ ሚክሰር ይባላል። ከዚያ አምፕሊፋየሩ ያጐላቸዋል፤ ስፒከሩም ወደ ጆሮ ያደርሳቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ሁሉም በአንድ ሣጥን ውስጥ ታሽገው ይመጣሉ፤ ቢሆንም ብልሽት ሲደርስ ከየትኛው ወንዝ እንደ መጣ ለይቶ የሚያውቅ ሻጭ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ሙዚቃው እየተሰማ ድምፅ ከጠፋ፥ ስፒከሩንና አምፕሊፋየሩን መፍታት የከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠበቅ ያለበት ሕግ የዘፋኙ ድምፅ በአጭሩ መንገድ ይሂድ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ማይክሮፎኑን ከአንድ ዕቃ ላይ ሰክቶ ድምፁን በብሉቱዝ ወደ ሌላ ስፒከር ይልከዋል። ብሉቱዝ ድምፁን አጥፎ፥ ልኮና መልሶ ዘርግቶ እስኪያወጣ ድረስ አንድ ሴኮንድ ለ1000 ተከፍሎ 200 ያህሉ ሊያልፍ ይችላል። ይህ በቃል ሲነገር ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፥ 200 ማለት ዘፋኙ ከራሱ ድምፅ 68 ሜትር ርቆ እንደ ቆመ ያህል ነው። ማንም ሰው ከመንገድ ማዶ የሚመለሰውን የገዛ ድምፁን እየሰማ በዜማ ሊሄድ አይችልም። ይሳሳታል፤ ይንቀረፈፋል፤ በመጨረሻም ዕቃውን ይረግማል። ከዘጠኙ ሁለቱ የተመለሱት በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። መድኀኒቱ ማይክሮፎኑን በሽቦ ወደ ሚክሰሩ፥ ከሚክሰሩም በሽቦ ወደ አምፕሊፋየሩ ማገናኘት ነው። ሙዚቃው ግን ከስልክ ወደ ሚክሰሩ በብሉቱዝ ቢመጣ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ዘፋኙ የሰማውን ሙዚቃ ተከትሎ ይዘፍናልና። የሚጐድለው ቢኖር በመስኮቱ ላይ የሚታዩት ቃላት ከሙዚቃው ትንሽ ቀደም ማለታቸው ነው።

«አይናገርም» የተባለውም ዕቃ ታሪኩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች እንደ ድሮዎቹ የቀይና የነጭ ድምፅ መውጫ ቀዳዳ የላቸውም፤ ያላቸው በብርሃን የሚያስተላልፈው ኦፕቲካል ወይም ኤች.ዲ.ኤም.አይ. ኤ.አር.ሲ. የሚባለው መውጫ ነው። ስለዚህ በመካከል ዲጂታሉን ወደ ተራ ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋል። ርካሹ መለወጫ ደግሞ የሚያውቀው ፒ.ሲ.ኤም. የተባለውን አላላክ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ በሌላ አላላክ ላይ ተደርጎ ከሆነ ወይ ጸጥ ይላል፥ ወይም እንደ ዝናብ ይንሿሿል። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ ፒ.ሲ.ኤም. የሚለውን መምረጥ በቂ ነው። ባለሙያው ይህን ሲያደርጉ አሠሪዬ አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ ለአንድ ቁልፍ ሲሉ ሙሉ ዋጋ መመለሳቸው ትዝ ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማይክሮፎን ሁለት ዓይነት ነው፤ ኮንደንሰርና ዳይናሚክ። ኮንደንሰሩ ጆሮው ስስ ስለሆነና ብዙውን ጊዜ 48 ቮልት ስለሚጠይቅ ለስቱዲዮ ይስማማል። ለቤት ዘፈን ግን የሚመከረው ዳይናሚኩ ነው፤ ቢወድቅም ይችላል፥ ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅም ብዙ አይለቅምም። ሹር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ኤስ.ኤም.58 እስከ ዛሬ የሚፈለገው በዚህ ጠባዩ ነው። በዓለም ገበያ አስመሳዩ የበዛውም ስለ ተወደደ ነውና፥ አስመጪ የሆነ ሰው ከታወቀ አከፋፋይ ካልሆነ በቀር ባይገዛው ይሻለዋል። የእነዚህ ማይክሮፎኖች አሰማም በልብ ቅርጽ ይመሰላል፤ ከፊት ለፊታቸው የሚመጣውን ይሰማሉ፥ ከጅራታቸው በኩል ለሚመጣው ግን ደንቆሮዎች ናቸው። ዘፋኙ አፉን ከማይክሮፎኑ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር አርቆ ሊይዘው ይገባል። ጭንቅላቱን በእጁ መዳፍ የሸፈነ እንደ ሆነ ግን ያ የልብ ቅርጽ ይጠፋና ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። ወጣቶች በቴሌቪዥን ያዩትን እየኮረጁ ሲሸፍኑት ዕቃው ወዲያው የሚጮኸው ስለዚህ ነው።

ይህ ጩኸት ወይም ፉጨት የካራኦኬ ሻጭ ሁሉ ዋና ጠላት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልግለጠው። በጨረታ ላይ ሁለት ግትር ተጫራቾች ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። አንዱ አሥር ብር ሲጨምር ሌላው አሥራ ሁለት ይጨምራል፤ ያኛው ደግሞ አሥራ አምስት፤ እንዲህ እያለ ዕቃው ከማይገባው ዋጋ ይደርሳል። በማይክሮፎንና በስፒከር መካከል የሚደረገውም ይኸው ነው። ስፒከሩ ያወጣውን ድምፅ ማይክሮፎኑ ይሰማዋል፤ አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ለስፒከሩ ይመልሳል፤ ማይክሮፎኑ እንደ ገና ይሰማዋል። አንድ ዙር በሄደ ቁጥር ድምፁ ከበፊቱ የሚበልጥ ከሆነ በዐይን ጥቅሻ ፉጨት ይሆናል። አንድ ዙር በሄደ ቁጥር የሚያንስ ከሆነ ግን ይሞታል፤ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ የፉጨት መድኀኒት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ ስፒከሩ ወደ ማይክሮፎኑ የሚልከውን መቀነስ፥ ወይም አፍ ወደ ማይክሮፎኑ የሚልከውን መጨመር ነው። አፍ ሲርቅ ሰው ማዞሪያውን ከፍ ያደርጋል፤ ማዞሪያው ከፍ ሲል ተጫራቾቹ ይገናኛሉ።

ያ መልስ የደገሱት ደንበኛችን የሠሩት ስሕተት ለሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ሁለቱን ስፒከሮች እንደ ሠርግ መድረክ ያማሩ መስሏቸው ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ፥ ግራና ቀኝ አቁመዋቸው ነበር። የሚዘፍነውም ሰው ከሙሽሮቹ ፊት ቆሞ ወደ እንግዶቹ ይመለከታል። ስለዚህ ሁለቱም ስፒከሮች ከጀርባው ሆነው የሚናገሩት ቀጥታ ወደ ማይክሮፎኑ ጆሮ ነው። ትክክለኛው አተካከል ስፒከሮቹን ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ማድረግ ነው። ዘፋኙ ቃላቱን ለማንበብ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲመለከት የማይክሮፎኑ ደንቆሮ ጅራት ወደ ስፒከሮቹ ይሆናል። ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። ስፒከሩም ወለል ላይ ወይም ማዕዘን ውስጥ አይቀመጥ፤ ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ ያብጠዋል። በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ ቢሆን መልካም ነው። ዘፋኙ ዘፍኖ ሲጨርስ ማይክሮፎኑን ወደ ታች አንጠልጥሎ መሄድ ይወዳል፤ በዚያን ጊዜ ጭንቅላቱ ወደ ስፒከሩ ይዞራል። ስለዚህ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ማጥፋት መለመድ አለበት። ሁለተኛው ማይክሮፎንም ማንም ሳይዘው ተከፍቶ አይቀመጥ፤ የተከፈተ ማይክሮፎን በበዛ ቁጥር ፉጨቱ ይቀርባል።

ሽቦውን በሚመለከት ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፥ ቀዩ ከቀይ፥ ጥቁሩ ከጥቁር ይገናኝ። በአንደኛው ስፒከር ላይ የተገለበጠ እንደ ሆነ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ተጣፍቶ ይቀራል፤ ሙዚቃውም አጥንት የሌለው ሥጋ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ትልቁን ጃክ የሚጠቀም የማይክሮፎን ሽቦ ከአምስትና ከስድስት ሜትር በላይ ከረዘመ ዝዝ የሚል ድምፅ ከየአካባቢው ይሰበስባል፤ ረጅም ሽቦ የሚያስፈልግ እንደ ሆነ ባለ ሦስት እግሩ ኤክስ.ኤል.አር. ይመረጣል።

አሁን ወደ መቃኘቱ እንምጣ። የክራር ደርዳሪ ሳይቃኝ እንደማይመታ፥ የካራኦኬ ባለቤትም እንግዳ ከመምጣቱ በፊት መቃኘት አለበት። ባለሙያው እንዲህ አሳዩን። ማዞሪያዎቹ ሁሉ ወደ ዜሮ ይመለሱ፤ የቤዝና የትሬብል ማዞሪያዎች መካከል ላይ ይቁሙ፤ ኤኮው ይጥፋ። ሲበራ ሚክሰሩ ቀድሞ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ይብራ፤ ሲጠፋ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ይቅደም። አለበለዚያ ስፒከሩ እንደ ጥይት «ጧ» ይላል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከዚያ በኋላ ከቤተሰቡ መካከል ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ማይክሮፎኑን እንደሚገባ ይዞ በሙሉ ኀይሉ ይዝፈን። ጌይን የሚባለው ማዞሪያ ቀስ እያለ ይዙር፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ማለት ሲጀምር ጥቂት ወደ ኋላ ይመለስ። የመጀመሪያው በር በዚህ ተለካ ማለት ነው። ብዙ ሰው ጌይኑን ዝቅ አድርጎ አምፕሊፋየሩን እስከ ዳር ያዞረዋል፤ በዚያን ጊዜ የሚጐላው ዘፈኑ ብቻ ሳይሆን የሽቦው ሁሉ ሹክሹክታ ነው።

ቀጥሎ የቤዙን ሥር መቍረጥ ነው። ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች የሰው ዘፈን እምብዛም የለም፤ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ፥ የትንፋሽ ንፋስና የወለል ድምፅ ነው። ዝቅተኛውን የሚቈርጥ ቁልፍ ካለ ይጫኑት። ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለው ትንሽ ሲቀነስ ድምፅ ከጭቃ ይወጣል፤ ወደ 3000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ጥቂት ሲጨመር ቃላቱ ይጠራሉ። ከዚህ በኋላ ሙዚቃው ጠፍቶ፥ ማይክሮፎኑ ዘፋኙ በሚቆምበት ቦታ ተይዞ፥ ድምፁ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረግ። በአንድ ቦታ ላይ መጮኽ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ መሸሽ አይገባም፤ ምን ብሎ እንደሚጮኽ ማዳመጥ ነው እንጂ። ባለሙያው የነገሩን ዘዴ ከፊደላችን ጋር የሚሄድ ስለሆነ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ጩኸቱ «ሁ» የሚል ከሆነ በግምት 250 ኸርዝ ነው፤ «ሆ» ካለ 500፤ «ሃ» ካለ 1000፤ «ሂ» ካለ 2000ና ከዚያ በላይ፤ እንደ «ስ» የሚያፏጭ ከሆነ ከ4000 ያልፋል። በሚክሰሩ ላይ ያንን የሚመለከተውን ማንሸራተቻ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው። ብዙ ከቀነሱት ዘፋኙ አፍንጫው የታፈነ ይመስላል፤ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ጥቂት ጥቂት መንካት ይበቃል። ሲጨርሱ አጠቃላይ ድምፁን ከጩኸቱ ደጃፍ በግልጥ ዝቅ አድርጎ መተው ያሻል፤ ደስ ያለው እንግዳ ከባለቤቱ ይበልጥ ይጮኻልና።

መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ኤኮ ነው። አገራችን የገደል ማሚቶ የሚለው ይኸው ነው። ከበርበሬ ጋር አንድ ነው፤ ጥቂቱ ያጣፍጣል፥ ብዙው ግን ሥጋውን ያስረሳል። በተለይ ወለሉ ሸክላ፥ ግድግዳው ልስን፥ መስኮቱ ሰፊ መስተዋት የሆነ ሳሎን ራሱ ገደል ስለሆነ ሌላ ገደል አይፈልግም። እንዲህ ባለ ቤት ከማንኛውም ማዞሪያ በፊት የሚረዳው ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ነው፤ ባና የተዘረጋበት ቤት ካራኦኬው እንዴት እንደሚያምር ያየ ያውቀዋል። ለንግግር ሲሆን ደግሞ ኤኮው ጨርሶ ይጥፋ፤ በምርቃት ላይ ያሉ አዛውንት እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ሲናገሩ ሰምቼ አዝኛለሁ።

የዘፈኑን ከፍታ የሚለውጥ ቁልፍ ብዙ ገዢ አይነካውም፤ ሻጭም አያሳየውም። ወንድ የዘፈነውን ሴት ስትዘፍነው፥ ወይም ሴት የዘፈነችውን ወንድ ሲዘፍነው ጉሮሮ የሚታነቀው በዚህ ነው። ቁልፉ በተጫኑት ቁጥር ሙዚቃውን በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። «ቅኝቱን ያበላሻል» ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ግን አያበላሽም። ድምፆቹን ሁሉ በእኩል ስለሚያነሣና ስለሚጥል ትዝታው ትዝታ፥ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀራል። ድምፃዊውን ከተራ ዘፈን ላይ ያጠፋል የሚባለው አሮጌው ቁልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እርሱ የግራውን ከቀኙ በመቀነስ በሁለቱም እኩል ያለውን፥ ማለትም መካከል ላይ የቆመውን ድምፅ ያጠፋል፤ ከድምፃዊው ጋር ቤዙንም ይወስዳል። በአንድ መሥመር የተቀረጸ የቀድሞ ሸክላ ሲሆን ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ሁሉም ይጠፋል። ደንበኛ የአባቱን ዘመን ዘፈን አምጥቶ «ጸጥ አለ» ቢል ዕቃው አልተበላሸም። ዛሬ በኮምፒውተር ድምፃዊውን ለይተው የሚያወጡ ፕሮግራሞች ስላሉ ያ ቁልፍ እምብዛም አያስፈልግም። ዳሩ ግን እንዲህ የተዘጋጁ ዘፈኖችን በፍላሽ ሞልቶ ከዕቃው ጋር መሸጥ የባለቤቶቹን ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው በቤቱ የሚዘፍነውን ሰው ለማወክ ባይሆንም፥ አባዝቶ የሚሸጠውን ነጋዴ ግን ይመለከተዋል።

አሁን ደግሞ እኛን ነጋዴዎችን ወደሚያሳፍረው ነገር እገባለሁ፤ ይኸውም በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ዋት ነው። ክንድ የማያህል ስፒከር ላይ «3000 ዋት» ተጽፎ ያላየ አለን? ይህ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው አቈጣጠር ነው፤ ሁሉ የሚስማማበት መለኪያ የለውም፥ ፋብሪካው እንደ ወደደ ይጽፈዋል። የሚታመነው አር.ኤም.ኤስ. የተባለው፥ ዕቃው ሳያቋርጥ ሊያወጣው የሚችለው ኀይል ነው። እርሱ ካልተጻፈ ከጀርባው የተለጠፈውን ብረት ያንብቡ። ከግድግዳው የሚወስደው 60 ዋት ብቻ ነው የሚል ዕቃ በምንም ተአምር ሳያቋርጥ 1000 ዋት አይሰጥም፤ ከጐተራ ከገባው በላይ እህል አይወጣም። ደግሞም ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በእጥፍ የጨመረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ጆሮ ሁለት እጥፍ ሆነ ብሎ እንዲፈርድ ኀይሉ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ ከ50 ዋት ይልቅ 100 ዋት የገዛ ሰው የሚያገኘው ጥቂት ጭማሪ ነው። ለመካከለኛ ሳሎን እውነተኛ 50 ዋት በየስፒከሩ ካለ፥ ከውሸት 3000 ይበልጣል። ያ የተቃጠለው ዕቃም የተቃጠለው ባለቤቱ በሣጥኑ ጽሑፍ ተማምኖ ማዞሪያውን እስከ ዳር አዙሮ ሌሊቱን ሁሉ ስላጫወተው ነው። አምፕሊፋየር ከዐቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ጫፍ ይቈርጠዋል፤ በዚያን ጊዜ የሚወጣው የሻከረ ድምፅ ቀጭኑን ማውጫ ያነድደዋል። ሲሻክር መቀነስ ነው። የኦሙንም ነገር አይርሱ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጐን ለጐን በአንድ መውጫ ላይ ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ ከ8 በታች አልችልም ካለ በግድ ማስቻል አይገባም።

የኤሌክትሪኩን ጉዳይ አስመጪዎች ከማዘዛቸው በፊት ሊመለከቱት ይገባል። በአገራችን ያለው 220 ቮልት፥ 50 ኸርዝ ነው። በጃፓን 100 ቮልት፥ በአሜሪካ 120 ቮልት ገደማ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች በጕዞ ሻንጣ ያመጡት መሣሪያ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰካ የሚጤሰው ስለዚህ ነው። ከጀርባው «100–240» የሚል ካለበት የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዋል፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ 115ና 230 የሚል መቀያየሪያ ስላለው ከመሰካቱ በፊት ይታይ። መብራት ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር ከዕቃው ጋር ቢሸጥ ለገዢውም ለሻጩም ደኅና ነው። ዝዝ የሚል ድምፅ የማይጠፋ እንደ ሆነ ቴሌቪዥኑ፥ ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ ሁሉ ከአንድ ሶኬት እንዲበሉ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል። ዝዝታውን ለማጥፋት ሲሉ የመሬቱን ሽቦ የሚቈርጡ አሉ፤ እርሱ ሰው የሚገድል ሥራ ነው።

ሽቦ የሌለው ማይክሮፎን ለሚያስመጡም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁለት ማይክሮፎኖች በአንድ ፍሬኰንሲ ከመጡ አንዱ ሌላውን ያፍነዋል፤ ከመግዛት በፊት ልዩነታቸው ይረጋገጥ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 13 ቀን 2020 ጀምሮ ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋኸርዝ ያለው ለሞባይል ስልክ ስለ ተሰጠ፥ በዚያ ላይ የሚሠሩ ማይክሮፎኖች እንዳይሠሩ ተከለከሉ። እንዲህ ያለ ከገበያ የተገፋ ዕቃ በርካሽ ሲቀርብ የሚያጓጓ ነው፤ ሆኖም በአገራችን የፍሬኰንሲ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፥ ትእዛዝ ከመስጠት በፊት እርሱን መጠየቅ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ከመጠየቅ ይሻላል።

ስለ ጎረቤትም ደንበኛን ማስታወስ ነውር የለውም። በኮንዶሚኒየም ቤት ቀጭኑ ድምፅ በግድግዳ ይቀራል፤ ወፍራሙ ግን በወለሉ ተጕዞ ከታች ቤት ይገባል። ከቤዙ ስፒከር ሥር ወፍራም ጐማ ማድረግና ከምሽቱ በኋላ የቤዙን ማዞሪያ መቀነስ የሚያስከፍለው የለም።

በእኛ መደብር ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መሣሪያ በማዕዘኑ ሳይሆን በግድግዳው መካከል፥ እንደሚገባ ተተክሎና ተቃኝቶ ዘወትር ቆሞ ይገኛል። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አንድ ዘፈን ይዘፍንበታል፤ የሚያፍሩም አሉ፥ እነርሱ ይቈጥሩበታል። ከላይ የጻፍሁትን በአንድ ገጽ አሳጥሬ በአማርኛ አባዝቼ በየሣጥኑ ውስጥ አስገብቻለሁ። ባለሙያውም በትንሽ አበል ወደ ገዢው ቤት እየሄዱ ይተክላሉ። በመጀመሪያ የሄዱት ወደ እነዚያ የመልሱ ባለቤት ቤት ነው፤ አሠሪዬ ራሳቸው አብረው ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፥ እኒያም ሰው ቡና አፍልተው ተቀበሏቸው። አሥራ ስምንቱ ሣጥኖች ያለ ኪሣራ ተሸጡ። የተጻፈው የአቤቱታ ደብዳቤ ሳይፈረም በፋይሉ ውስጥ ቀርቷል፤ በምትኩ ስለ አንድ ጃክ የሚጠይቅ ባለ ሦስት መሥመር ደብዳቤ ላክን፤ ፋብሪካውም አሥር ጃክ ላከልን።